ካሜራው ሥዕሉን ሲያቃና ምልክቱን ማን ያቃናው?

«ሳይጣራ ወሬ፣ ሳይገደል ጎፈሬ» ይላሉ አባቶቻችን። ይህን ምሳሌ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርሁ ብሆንም፣ ለጎረቤት ሐሜት እንጂ ለፎቶግራፍ ይሠራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ዘንድሮ ግን በትምህርት ቤታችን የፎቶግራፍ ክበብ በደረሰው ነገር ምክንያት ምሳሌው ለካሜራም እንደሚሠራ ተማርሁ። ውድ አንባቢ ሆይ! ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለ ካሜራ ያለኝን ዕውቀት ለማሳየት አይደለም። በአንድ ታናሽ ወንድማችን ላይ ያለ አግባብ የፈረድነውን ፍርድ በአደባባይ ለማንሣትና ሌላውም ተማሪ በእንዲህ ያለ ስሕተት እንዳይወድቅ ለማሳሰብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የትምህርት ቤታችንን በር ለብዙ ዓመታት ሲጠብቁ የኖሩት፣ ሁላችንም አባባ እያልን የምንጠራቸው ዘበኛችን በጡረታ ሊሰናበቱ ስለ ሆነ፣ ከተማሪዎች ጋራ የመታሰቢያ ፎቶግራፍ እንዲነሡ ተወሰነ። አባባ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ከፊት በስተግራ ዳር በወንበር ተቀመጡ፤ ተማሪዎቹም ራቅ ብለው ከኋላ በሁለት ረድፍ ቆሙ። ሰዓቱ ወደ አሥራ አንድ ተኩል ገደማ ስለ ነበረ ብርሃኑ ደከም ብሎ ነበር። ካሜራውን በባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ ላይ አድርጎ ያነሣው አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ነው። «የዕለቱ ባለ ጉዳይ አባባ ናቸውና ፎከሱን በእርሳቸው ፊት ላይ አድርግ» አልነው። እርሱም በካሜራው ጀርባ ባለው ስክሪን ላይ የፎከሱን ምልክት ወደ ዳር ገፍቶ ፊታቸው ላይ አሳርፎ አነሣ።

ፎቶግራፉ ሲታይ ግን የአባባ ፊት ደብዝዞ ተገኘ። ካሜራው የፎከሱን ምልክት እንዲያሳየን ብናዝዘው፣ ቀዩ አራት ማዕዘን ከአባባ ፊት ላይ ሳይሆን ወደ መካከል ገባ ብሎ፣ ከጆሮአቸው ወዲያ ከኋላቸው በቆመው ተማሪ ሹራብ ላይ ተቀምጦአል። «ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ያስፈልጋል?» አልን። ልጁ «እኔስ ፊታቸው ላይ ነው ያደረግሁት» ቢልም የሰማው የለም። አባባም በማግሥቱ ወደ ደብረ ብርሃን ስለ ሄዱ ፎቶግራፉን እንደ ገና ማንሣት አልተቻለም። ክበቡ ልጁን በቸልተኝነት ከሶ ከአባልነት እንዲወጣ ወሰነ። ለዚህ ውሳኔ እጃቸውን ካወጡት አንዱ እኔ ነኝ።

ሁለት ሳምንት ያህል ካለፈ በኋላ የካሜራውን መመሪያ መጽሐፍ በሌላ ምክንያት ሳገላብጥ አንድ አጭር ማስታወሻ አገኘሁ። የሌንስ መዛባት ማረሚያው ተከፍቶ በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ፣ የፎከሱ ምልክት በማንሻው ጊዜ ከነበረበት ቦታ ፈቀቅ ብሎ ሊታይ ይችላል ይላል። ማረሚያው በካሜራችን ላይ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ከፍርድ በፊት ልናነበው ይገባን የነበረውን ከፍርድ በኋላ አነበብሁት።

ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል ለመረዳት አስቀድሞ መዛባት ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ሌንስ ከመካከሉ ወደ ዳር በሄደ ቍጥር ነገሩን የሚያሳድግበት መጠን እኩል ካልሆነ ቀጥታ የነበረው መሥመር ይጐብጣል። መሥመሩ እንደ በርሜል ሆድ ወደ ውጭ ሲነፋ የበርሜል መዛባት ይባላል፤ ወደ ውስጥ ሲሰረጕድ ደግሞ የመርፌ መሰኪያ ትራስ ስለሚመስል በዚያው ስም ይጠራል። ሰፊ ቦታ የሚያሳዩ ርካሽ ሌንሶች ብዙ ጊዜ የበርሜሉ ዓይነት ጉድለት አለባቸው። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ሉድቪግ ፎን ሳይድል በ19ኛው መቶ ዓመት የሌንስን ዋና ዋና ጉድለቶች በአምስት ከፍሎ ሲያስረዳ መዛባትን አንዱ አድርጎ ቈጥሮታል። ይሁን እንጂ መዛባት ከሌሎቹ አራቱ የሚለይበት ትልቅ ነገር አለ። መዛባት የነገሩን ቦታ ያዛውራል እንጂ ነገሩን አያደበዝዝም። አንባቢ ይህችን ነጥብ በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ የክርክሬ መሠረት እርስዋ ናትና።

በፊልም ዘመን ይህን ጉድለት ለመቀነስ የነበረው መንገድ ብዙ መስተዋቶች ያሉት ከባድና ውድ ሌንስ መሥራት ነበር። ዛሬ ግን በካሜራው ውስጥ ያለው ኮምፒውተር የሌንሱን ጠባይ አስቀድሞ ስለሚያውቅ፣ ፎቶግራፉ ከተነሣ በኋላ እያንዳንዱን ፒክሰል ወደሚገባው ቦታ ያዛውረዋል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2008 ፓናሶኒክና ኦሊምፐስ ያቋቋሙት ማይክሮ ፎር ሰርድስ የተባለው የካሜራ ሥርዓት ይህን አሠራር ከመጀመሪያው አንሥቶ የሌንሱ ፕላን አንድ ክፍል አድርጎታል። ሌንሱ የራሱን የማረሚያ ቍጥሮች ለካሜራው ይነግራል፤ ካሜራውም ያቃናል። ሌሎቹም ኩባንያዎች በዚሁ መንገድ ሄደዋል።

አሁን ደግሞ የሥራውን ቅደም ተከተል እንመልከት። የእኛ ካሜራ መስታወት ያለው የቆየ ዓይነት ነው። በጀርባው ስክሪን ስንጠቀም መስታወቱ ይነሣና ብርሃኑ በቀጥታ ሴንሰሩ ላይ ያርፋል። ስክሪኑ የሚያሳየን ሥዕል ገና ያልታረመው ነው። አንሺው ምልክቱን በአባባ ፊት ላይ ሲያደርግ፣ ካሜራው ሌንሱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንቀሳቀሰ በዚያች ሳጥን ውስጥ የብርሃንና የጨለማ ልዩነት ይበልጥ የሚጐላበትን ቦታ ፈልጎ ይቆማል። ይህ ፎከስ ነው። ከዚያ በኋላ ፎቶግራፉ ይነሣል። ማረሚያው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እንግዲህ በኋላ የመጣ ነገር ቀድሞ የተፈጸመውን ፎከስ ሊያበላሸው አይችልም። ነገር ግን ሥዕሉ ሲቃና ምልክቱ የተጻፈበት ቍጥር የድሮው እንደ ሆነ ከቀረ፣ ሥዕሉና ምልክቱ ይለያያሉ።

ሥዕሉ በላስቲክ ላይ የተሣለ ነው፣ ምልክቱ ግን ከላስቲኩ በላይ በተቀመጠ መስታወት ላይ ነው እንበል። ላስቲኩን በአራቱም ማዕዘን ብንስበው ሥዕሉ አብሮ ይሳባል፤ በመስታወቱ ላይ ያለው ምልክት ግን ከቦታው አይነቃነቅም። የበርሜል መዛባት ሲታረም ዳር ያለው ነገር ወደ ውጭ ይገፋልና፣ አባባ ወደ ዳር ሄዱ፤ ምልክቱም በነበረበት ቀረ። ለዚህ ነው ምልክቱ ከአባባ ፊት ወደ መካከል ገብቶ የታየው። የሄዱት አባባ ሆነው ሳለ እኛ ልጁ ምልክቱን አሳሳተ አልን።

«ይህ ፈቀቅታ ምን ያህል ቢሆን ነው?» የሚል ሰው አይጠፋም። በሒሳብ እንመርምረው። የፎቶግራፉ ወርድ 6,000፣ ቁመቱ 4,000 ፒክሰል ነው እንበል። በፓይታጎራስ ሕግ ከመካከሉ እስከ ማዕዘኑ ያለው ርቀት 3,606 ፒክሰል ያህል ይሆናል። ማረሚያው ማዕዘኑን በ5 በመቶ የሚያዛውር ከሆነ እዚያ ያለው ነገር 180 ፒክሰል ይሄዳል። በቀላሉ የመዛባት ሕግ መሠረት ፈቀቅታው የሚያድገው ከመካከል ባለው ርቀት ኩብ ልክ ነው። ስለዚህ በግማሹ መንገድ ላይ ያለ ነገር የ180 ስምንተኛ እጅ፣ ማለት 22 ፒክሰል ተኩል ብቻ ይሄዳል። ከመንገዱ 80 በመቶ ላይ ያለው ግን 92 ፒክሰል ያህል ይሄዳል። በመካከል ያለው ምንም አይንቀሳቀስም። በብዙ ሰው ፎቶግራፍ ላይ የአንድ ሰው ፊት ወርድ 150 ፒክሰል ቢሆን ግማሹ 75 ነው። በፊቱ መካከል የተቀመጠ ምልክት 92 ፒክሰል ሲለያይ ከፊቱ ወጥቶ ከኋላ ባለው ሰው ላይ ያርፋል ማለት ነው። እውነት ነው፣ ሌንስ ሁሉ ይህን ቀላል ሕግ በትክክል አይከተልም፤ መካከሉ ወደ ውጭ ነፍቶ ዳሩ ወደ ውስጥ የሚመለስ፣ ጢም የመሰለ መሥመር የሚያወጣም አለ። ካሜራውም ካቃና በኋላ ሥዕሉን ጥቂት ሊያጠብ ወይም ዳሩን ሊቈርጥ ይችላል። ነገር ግን መካከሉ የማይነካ፣ ዳሩ አብዝቶ የሚነካ መሆኑ ለብዙዎቹ ያው ነው። እኛም ካሜራውን የምናምነው በመካከል ስለ ለመድነው ነበር።

ይህን ከተረዳሁ በኋላ ነገሩን በሁለት መንገድ መረመርሁት። መጀመሪያ አንድ ወፍራም ካርቶን በጠረጴዛ ጫፍ አቁሜ፣ ከኋላው ራቅ አድርጌ ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ለጠፍሁ። ካርቶኑ በሥዕሉ ዳር እንዲውል አድርጌ፣ ምልክቱን በካርቶኑ ላይ አሳርፌ አንድ ጊዜ ማረሚያው ተከፍቶ፣ አንድ ጊዜ ተዘግቶ አነሣሁ። በሁለቱም ካርቶኑ ጠርቶ ጋዜጣው ደበዘዘ። ማረሚያው በተዘጋበት ምልክቱ ካርቶኑ ላይ ነው፤ በተከፈተበት ግን ጋዜጣው ላይ ሆኖ ታየ። ፎከሱ ትክክል ሆኖ ሳለ ምልክቱ ሐሰት ተናገረ።

ቀጥዬም የአባባን ፎቶግራፍ ጥሬ ፋይል፣ ማለት ካሜራው ሳያቃናው የተቀመጠውን፣ በኮምፒውተር ከፈትሁ። ምልክቱ በአባባ ሁለት ዓይኖች መካከል ተቀምጦአል! ታዲያ ፊታቸው ስለ ምን ደበዘዘ? ፎቶግራፉን አጉልቼ ስመለከተው የተቀመጡበት ወንበር እግር፣ በትከሻቸው ላይ ያለው የጋቢው ጥለት ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል። ከኋላ የቆመው ተማሪ ሹራብ ግን ደብዛዛ ነው። ፎከሱ ከኋላ ቢሆን ኖሮ ሹራቡ መጥራት፣ ጥለቱም መደብዘዝ ነበረበት። የደበዘዘው ፊታቸው ብቻ ነው፤ እርሱም ወደ ጎን የተሳበ ይመስላል። ብርሃኑ ስለ ደከመ ሻተሩ ዘግይቶ ተዘጋ፤ አባባም በዚያች ቅጽበት፣ ምናልባት አንዱ ተማሪ ጠርቶአቸው ይሆናል፣ ራሳቸውን ዞር አደረጉ። ጥፋቱ የፎከስ ሳይሆን የጊዜ ነው። ማስረጃው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከፊታችን ነበር፤ እኛ ግን ቀዩን ሳጥን እንጂ ወንበሩን አላየንም።

እንግዲህ ሦስት ነገሮችን ለይተን ማወቅ ይገባናል። አንደኛው የተግባር ስሕተት ነው፤ ካሜራው ራሱ ባልተፈለገ ቦታ ፎከስ ሲያደርግ ማለት ነው። ሁለተኛው የምስክርነት ስሕተት ነው፤ ፎከሱ ትክክል ሆኖ ምልክቱ በሌላ ቦታ ሲታይ ነው። ሦስተኛው ስሕተት የሚመስል ነገር ነው፤ ማረሚያው ዳር ያሉትን ፒክሰሎች ሲለጥጥ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት በግምት ስለሚሞላ ዳሩ ጥቂት ይለሰልሳል፤ ይህንንም ብዙ ሰው የፎከስ ጉድለት አድርጎ ይወስደዋል። የእኛ ክበብ ሁለተኛውን አይቶ በአንደኛው ፈረደ።

በአዲሶቹ መስታወት አልባ ካሜራዎች ደግሞ ነገሩ በሌላ መልክ ይመጣል። በእነርሱ ላይ አንሺው ገና ከመጀመሪያው የሚያየው የተቃናውን ሥዕል ሊሆን ይችላል፤ ፎከስ የሚያደርገው ግን ያልተቃናው ብርሃን ያረፈበት ሴንሰር ነው። አንሺው በተቃናው ሥዕል ላይ አንድ ዓይን ቢነካ፣ ካሜራው ያ ዓይን በሴንሰሩ ላይ የት እንዳለ ወደ ኋላ ቈጥሮ ማግኘት አለበት። ይህን በትክክል ካደረገ አንሺው ምንም ሳያውቅ ሥራው ይቃናል፤ ካላደረገ ግን ስሕተቱ ከምስክርነት አልፎ ተግባር ይሆናል። በድሮዎቹ ባለ መስታወት ካሜራዎች የፎከስ ነጥቦች ብዙውን ጊዜ ወደ መካከል የተሰበሰቡ ስለ ነበሩ ጉዳዩ እምብዛም አላስቸገረም። አሁን ግን ነጥቦቹ እስከ ሥዕሉ ዳር ድረስ ተዘርግተዋል፤ ዳር ደግሞ መዛባት የሚበረታበት ቦታ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ስነግራቸው «እንግዲያው ማረሚያውን ለዘለዓለም እንዝጋው» አሉ። በዚህ አልስማማም። ይህ አሠራር ሌንሱን ቀላልና ርካሽ አድርጎልናል፤ ገንዘብ ለሌለው የተማሪ ክበብ ደግሞ ይህ ትልቅ ውለታ ነው። ቀጥ ያለውን ግድግዳ ቀጥ አድርጎ የሚያሳየንን መሣሪያ ስለ አንድ ምልክት ብለን ልንጥለው አይገባም። ሌሎች ደግሞ «ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል? ሰፊ ሌንስ በጠባብ ቀዳዳ ሲነሣበት ከቅርብ እስከ ሩቅ ሁሉም ይጠራልና ጥቂት ፒክሰል ቢለያይ ምን ይጎዳል?» ይላሉ። ለፎቶግራፉ ሲባል ከሆነ ብዙ ጊዜ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን በምልክቱ የምንፈርደው በፎቶግራፉ ላይ ብቻ ሳይሆን ባነሣው ሰው ላይ ጭምር ከሆነ፣ ጥቂት ፒክሰል የአንድን ልጅ ስም ታጠፋለች።

የእኔ አሳብ ይህ ነው፦ ሥዕሉን ያቃና ካሜራ ምልክቱንም አብሮ ሊያቃና ይገባል። ሥዕሉን ለማዛወር ሒሳቡን ሠርቶአል፤ ያንኑ ሒሳብ በአንዲት ነጥብ ላይ መድገም ምንም አያቅተውም። ይህን ካላደረገ ምልክቱን ፈጽሞ ባያሳይ ይሻላል። ማስጠንቀቂያውን በመመሪያ መጽሐፍ ጥግ በትንሽ ፊደል ጽፎ፣ ምልክቱን ግን በደማቅ ቀይ ቀለም ማሳየት ሚዛኑን የጠበቀ አይደለም። ሰው ቀዩን ያያል እንጂ ጥጉን አያነብምና።

የአምራቾቹን ሥራ እኛ ልንሠራ አንችልም፤ የራሳችንን ግን እንችላለን። ስለዚህ ለክበባችን የማቀርበው ምክር አጭር ነው። አስፈላጊ ፎቶግራፍ ሲነሣ ጥሬ ፋይሉ አብሮ ይቀመጥ። ስለ ፎከስ ክርክር ቢነሣ ምልክቱ የሚታየው ባልታረመው ሥዕል ላይ ይሁን። ከሁሉም በላይ ከምልክቱ በፊት ሥዕሉ ራሱ ይመርመር፤ ምን ጠራ፣ ምን ደበዘዘ፣ የደበዘዘውስ ተንቀሳቅሶ ነው ወይስ ርቆ? ብሎ መጠየቅ ይገባል። እያንዳንዱ አዲስ አባልም የካርቶኑንና የጋዜጣውን ፈተና አንድ ጊዜ በእጁ ቢሠራው መልካም ነው፤ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ እንጂ ሌላ ወጪ የለውም።

እኔ ዘንድሮ 12ኛ ክፍልን ጨርሼ ከዚህ ትምህርት ቤት እሰናበታለሁ። ከመሄዴ በፊት ልጁን ፈልጌ በጓደኞቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። እርሱም ስለ ራሱ ምንም ሳይናገር «አባባ ፎቶውን አይተውታል?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። አላዩትም አልሁት። «እንኳን አላዩት» አለና ዝም አለ። ይህ ቃሉ ከማንኛውም ወቀሳ ይልቅ ከብዶኛል። ያን ቀን ከሁላችን ይልቅ ለአባባ አስቦ የነበረው እርሱ ነበርና።

ስለዚህ በዚህ መጽሔት አማካይነት የክበቡን አባሎች የምለምነው ሁለት ነገር ነው። ልጁ በመጪው ዓመት የመጀመሪያ ስብሰባ ወደ አባልነቱ ይመለስ። ደብረ ብርሃንም ሩቅ አገር አይደለችምና፣ በአንድ ቅዳሜ ሄደን አባባን እንደ ገና ፎቶግራፍ እናንሣቸው፤ ካሜራውንም የሚይዘው እርሱ ይሁን። እኔም ያን ቀን የትም ብሆን መጥቼ ማቆሚያውን ለመሸከም ቃል እገባለሁ።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። ይጠራል፤ ነገር ግን በራሱ አይደለም፤ ጎንበስ ብሎ የሚመለከት ሰው ይፈልጋል። እኛ ተማሪዎች የተሠራልንን መሣሪያ ሁሉ በደስታ እንቀበል፤ በሰው ላይ የሚመሰክር ሲሆን ግን እርሱንም እንደ ማንኛውም ምስክር ጠይቀን እንመነው።